ቀጠሮው ከማለፉ በፊት፦ የኤአርቲ ክሊኒክ መረጃንና ማሽን ለርኒንግን ለታካሚዎች ክትትል የማዋል ዝርዝር መመሪያ

በድሬዳዋ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ውስጥ ባሉ የኤአርቲ (የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሕክምና) ክሊኒኮች የቀጠሮ ክትትል በአብዛኛው የሚጀምረው ታካሚው ከቀረ በኋላ ነው። መዝገቡ ይገለጣል፣ ያልመጡት ተለይተው ይወጣሉ፣ ስልክ ይደወላል፤ ስልኩ ካልሠራ የሰፈር ለሰፈር ፍለጋ ይከተላል። ይህ አድካሚ ሥራ ብዙዎችን ወደ ሕክምናቸው መልሷል። ሆኖም የጠፋው ሰው በተገኘበት ዕለት ክኒኑ ካለቀ ሳምንታት አልፈው ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ዳግም ይባዛል፣ የሰውነት የመከላከል አቅም ይዳከማል፣ ወደ ሌላ ሰው የመተላለፍ ዕድሉም ይመለሳል። ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንዳንድ ጊዜ በሰዓቱ የተደወለ አንድ ስልክ ነው።

ይህ መመሪያ የሚያሳየው ያንን ስልክ ከቀጠሮው በፊት እንዴት መደወል እንደሚቻል ነው፦ በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ካላቸው ሰዎች መካከል የመቅረት ሥጋታቸው ከፍ ያለውን ክሊኒኩ ራሱ ከሰበሰበው መረጃ መለየት። ካለፈው መረጃ ተምሮ ይህን የሚገምተውን የኮምፒውተር ስሌት (ማሽን ለርኒንግ) ከዚህ በኋላ «ሞዴል» እንለዋለን። የተጻፈው ለጤና መረጃ ባለሙያዎች፣ ለኬዝ ማናጀሮች (ታካሚዎችን ለሚከታተሉ ሠራተኞች)፣ ለጤና ቢሮ ሠራተኞችና በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ የድሬዳዋና የሐረር ተማሪዎች ነው። ኤክሴል በደንብ የሚያውቅና በፓይተን ወይም በአር ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ሰው ሊከተለው ይችላል። 3000 ታካሚ ያለው ክሊኒክ የአምስት ዓመት የጉብኝት መረጃ ከ50 ሺህ ረድፍ ብዙም ስለማይርቅ ተራ ላፕቶፕ ይበቃል።

የዚህን ሥራ አንድ ወሰን አስቀድሜ ልናገር። በ2017 እና 2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኢትዮጵያ ከተሞች የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ቫይረሱ በደማቸው ካለ አዋቂዎች መካከል ራሳቸውን የሚያውቁት 79 በመቶ ያህል፣ ካወቁት መካከል መድኃኒት የጀመሩት 97 በመቶ ያህል፣ ከጀመሩት መካከል ቫይረሱ የታፈነላቸው 88 በመቶ ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። እዚህ የምንሠራው በመጨረሻው ቁጥር ላይ ብቻ ነው። ገና ያልተመረመሩትን ይህ ሥራ አይደርስባቸውም፤ ለእነሱ የሚሆነው ሌላ ሥራ በዚህ ምክንያት ሊቀዛቀዝ አይገባም።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ከሚደውለው ሰው ጋር ይቅረጹ

ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት ከኬዝ ማናጀሯና ከመድኃኒት ቁርኝት (ሳያቋርጡ የመውሰድ) ደጋፊዎቹ ጋር ይቀመጡ። በሳምንት ስንት ሰው መደወል ይችላሉ? በየትኞቹ ቋንቋዎች? ድሬዳዋ ላይ አማርኛ ብቻ የሚናገር ደዋይ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚናገሩ ታካሚዎችን ዝርዝር ቢሰጡት ምን ያደርገዋል? ከሁሉም በላይ፣ ታካሚው «በዚያ ቀን አልችልም» ቢል ክሊኒኩ ምን ሊሰጠው ይችላል? የሦስት ወይም የስድስት ወር መድኃኒት፣ ሌላ ቀን፣ በጠዋት የሚወስድበት ሰዓት፣ ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ዝውውር፣ እሱ የመረጠው ሰው እንዲወስድለት መፍቀድ፤ ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ትንበያው ለማንም አይጠቅምም። ሌሊቱን አወዳይ ገበያ ጫት ሲያራግፍ ያደረ ሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ወረፋ መያዝ ካልቻለ የጎደለው ፈቃደኝነት አይደለም፣ ሰዓት ነው።

ከዚያ የሚተነበየውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። የሚመረጠው ይህ ነው፦ «ታካሚው ከቀጠሮው ቀን በኋላ በ28 ቀናት ውስጥ መጥቶ መድኃኒት ወስዷል ወይስ አልወሰደም?» የአሜሪካ መንግሥት የኤች አይ ቪ እርዳታ ፕሮግራም የሆነው ፔፕፋርም የሕክምና መቋረጥን የሚቆጥረው ከመጨረሻው የቀጠሮ ቀን በኋላ 28 ቀን ሲያልፍ ስለሆነ ውጤትዎን ከሌላ ክሊኒክ ጋር ለማነጻጸር ይመቻል። ይህን ዓረፍተ ነገር በሥራው መሃል አይለውጡት።

ደረጃ 2፦ ፈቃድና ምስጢር

የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል። ሥራው የክሊኒኩ የአገልግሎት ማሻሻያ ከሆነ ከተቋሙ ኃላፊና ከጤና ቢሮው የጽሑፍ ስምምነት ይያዙ፤ ሊታተም የታሰበ ጥናት ከሆነ ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሐረር በሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮሚቴ አለ።

ወረቀቱ ከተሟላ በኋላ ያለው ጥንቃቄ የየዕለት ነው። ፋይሉ በፍላሽ አይዞርም፣ በቴሌግራም አይላክም፣ ወደ ግል ኢሜይል አይገባም። የሚሠራበት ኮምፒውተር ዲስክ በምስጠራ ይቆለፍ። ስም፣ ስልክና የካርድ ቁጥር በአንድ ፋይል ክሊኒኩ ውስጥ ይቀመጡ፤ ወደ ትንተና የሚሄደው ፋይል የዘፈቀደ መለያ ቁጥር ብቻ ይያዝ። ስም መሰረዝ ብቻውን ግን አይበቃም። ከድሬዳዋ ገጠር፣ ከዋሂል ወይም ከጀልዴሳ የምትመጣ የ52 ዓመት ሴት፣ ሥራዋ እንዲህ፣ ሕክምና የጀመረችው በዚህ ወር ከተባለ፣ ስሟ ባይጻፍም የአገሩ ሰው ያውቃታል። ዕድሜን በአምስት ዓመት ክልል፣ አድራሻን በርቀት ክልል ይተኩ። ሥራን ከነጭራሹ ይተዉት።

ሃይማኖትንና ብሔርን በሞዴሉ ውስጥ አያስገቡ። ትንበያውን በጥቂቱ ቢያሻሽሉ እንኳ ነገ ዝርዝሩን ያየ ሰው «እነዚህ ሰዎች ይቀራሉ» የሚል መደምደሚያ ይዞ ይወጣል፤ ያ ጉዳት በምንም የትክክለኛነት መጠን አይካካስም። የወሲብ ንግድ ላይ መሰማራትን የሚያመለክት ዓምድ ካለም እንዲሁ ያውጡት።

ደረጃ 3፦ ሞዴል የማይሹትን ዝርዝሮች አስቀድመው ያውጡ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ በእኔ እምነት ግን ከቀሪው ሥራ ሁሉ ፈጥኖ ሕይወት የሚያተርፈው እሱ ነው። ካለው መረጃ ላይ በተራ ማጣሪያ ብቻ የሚወጡ ዝርዝሮች አሉ።

የመጀመሪያው የቫይረስ መጠን ምርመራ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ናቸው። ምርመራው መድኃኒት በተጀመረ በ6ኛው ወር፣ በ12ኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ መደረግ አለበት። ሁለተኛው ውጤታቸው በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1000 ቅጂ በላይ ሆኖ የመድኃኒት ቁርኝት ምክር ካገኙ በኋላ ምርመራው ያልተደገመላቸው ናቸው። እነዚህ ሰዎች በየወሩ ክሊኒኩ እየመጡ፣ መድኃኒት እየወሰዱ፣ ግን ሕክምናው ሳይሠራላቸው ሊቆይ ይችላል፤ ቀጠሮ ስለማያሳልፉ ማንም አይፈልጋቸውም።

ሦስተኛው ዝርዝር ከሁሉ አጭሩ ነው፦ ዶሉቴግራቪር የያዘ የኤች አይ ቪ መድኃኒት እየወሰዱ ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ ሕክምና የጀመሩ። ሪፋምፒሲን የዶሉቴግራቪርን መጠን በደም ውስጥ ስለሚቀንስ በቀን አንድ ጊዜ 50 ሚሊ ግራም የነበረው በቀን ሁለት ጊዜ መሆን አለበት። የመድኃኒት ዓምዱንና የቲቢ ዓምዱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ማስተካከያው ያልተመዘገበለት ሰው ካለ ወዲያው ይታያል። አራተኛው የሕፃናት ነው፤ ክብደታቸው ጨምሮ መጠኑ ያልተለወጠላቸው። ክብደቱ 20 ኪሎ የደረሰ ልጅ ወደ 50 ሚሊ ግራሙ የዶሉቴግራቪር ክኒን መሻገር ይገባዋል። እነዚህን ዝርዝሮች ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ በዚያው ሳምንት ይስጡ፤ ሞዴሉ እስኪያልቅ አይጠብቁ።

ደረጃ 4፦ ቀኖቹን ያስተካክሉ

ከሥራው ጊዜ ትልቁን የሚወስደው ይህ ነው፤ የእኛን አገር መረጃ ከሌላው ዓለም የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ወረቀት ላይ የሚጻፈው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው አንዳንዱ ዓምድ በኢትዮጵያ፣ አንዳንዱ በአውሮፓ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፤ አንድ ዓምድ ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለው የሚገኙበትም ጊዜ አለ።

አንድ ረድፍ በቅርብ እንይ። የቀጣይ ቀጠሮ ቀን «05/06/2016» ይላል። ይህ የካቲት 5 ቀን 2016 ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2024። ሶፍትዌሩ ግን ጁን 5 ቀን 2016 ብሎ ካነበበው ታካሚው ከሰባት ዓመት በላይ የጠፋ ሆኖ ይቆጠራል። ይህ ስሕተት ግዙፍ ስለሆነ ቶሎ ይታያል። የማይታየው ሌላ ነው፦ «30/02/2016» ጥቅምት 30 ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ሶፍትዌሩ ምንም ሳይናገር ባዶ ያደርገዋል። «03/13/2015» ጳጉሜን 3 ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቀው ኮምፒውተር ወይ ባዶ ያደርገዋል ወይም ቀንና ወሩን አገላብጦ ማርች 13 ብሎ ያስገባዋል። ኋለኛው የከፋ ነው፤ ትክክለኛ የሚመስል ቀን ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ሁሉንም የቀን ዓምዶች መጀመሪያ እንደ ጽሑፍ ያስገቡ፤ ኤክሴል በራሱ እንዲቀይራቸው አይፍቀዱለት። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ይክፈሉ። ቀኑ ከወሩ በፊት በሚጻፍበት ዓምድ ወሩ 13 የሆነ ረድፍ ካለ፣ ወይም ቀኑ 30 ሆኖ ወሩ 2 ከሆነ፣ ያ ረድፍ በርግጠኝነት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ቀኑ 31 ከሆነ ደግሞ በርግጠኝነት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ወር 30ን አያልፍም። በእነዚህ ምልክቶች የየዓምዱን ልማድ ይወቁ፤ ከዚያ በተዘጋጀ የቀን መቀየሪያ ፕሮግራም ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር ያምጡ። «ስምንት ዓመት ደምር» በሚል ግምት አይሥሩ፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። አዲስ ዓመት ራሱ ከዘመነ ሉቃስ በኋላ በአንድ ቀን ይገፋል፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ላይ ውሏል።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ክኒኑ ነው። መድኃኒት በተሰጠበት ቀን ላይ የክኒኖቹን ብዛት ይደምሩ፦ 30፣ 90 ወይም 180። የሚወጣው ቀን ከቀጣይ ቀጠሮው ጋር በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተቀራረበ ከሦስቱ አንዱ ስሕተት ነው፤ ያን ጊዜ የወረቀት ካርዱ ይውጣና ይታይ።

ዕድሜም የቀን ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው ታካሚው ሲጀምር የነበረው ዕድሜ ነው፤ በ1998 የ30 ዓመት የነበረ ሰው ዛሬም 30 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከተመዘገበበት ቀን አስልተው ያውጡት።

ደረጃ 5፦ አንዱን ሰው ሁለት አያድርጉት

አንድ ታካሚ ድሬዳዋ ጀምሮ ሐረር ሊቀጥል ይችላል፤ መንገዱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። የዝውውር ወረቀት ካልያዘ ድሬዳዋ ላይ «የጠፋ»፣ ሐረር ላይ «አዲስ» ይባላል። ሞዴሉ ከእንዲህ ያለ ሰው የሚማረው ውሸት ነው፤ ያላቋረጠውን አቋረጠ ብሎ ይማራል።

በተፈቀደለት ሠራተኛ፣ በክሊኒኩ ውስጥ፣ ስሞች ከመሰረዛቸው በፊት የማመሳከር ሥራ ይሠራ። መጀመሪያ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ያምጡ፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። ከዚያ በኋላ ኃይሉ፣ ሐይሉ እና ሃይሉ አንድ ይሆናሉ። መሐመድን፣ ሙሐመድንና ማሐመድን፣ ፋጡማንና ፋጢማን ለማገናኘት ግን ይህ አይበቃም፤ የስም መቀራረብ መለኪያ ተጠቅመው፣ ጾታ፣ የትውልድ ዓመትና መድኃኒት የተጀመረበት ወር ተጨምሮ፣ የመጨረሻውን ውሳኔ ሰው ይስጥ። ስሙን ሆን ብሎ ለውጦ በሌላ ከተማ የተመዘገበ ሰው ያጋጥማል። የሚፈራው ነገር ስላለ ነው ያደረገው፤ ፍርሃቱ ይከበር፤ ሕክምና ላይ እስካለ ድረስ እሱን የማጋለጥ ፍላጎት ሊኖረን አይገባም።

የሞቱና በሕጋዊ ዝውውር የሄዱ ሰዎች ከተዘዋወሩበት ወይም ካረፉበት ቀን በኋላ ያሉ ቀጠሮዎቻቸው ከሠንጠረዡ ይውጡ።

ደረጃ 6፦ ሠንጠረዡን ይሥሩ

አንዱ ረድፍ አንድ ቀጠሮ ነው። የመጨረሻው ዓምድ መልሱ ነው፦ በ28 ቀን ውስጥ መጣ ወይስ ቀረ። ሌሎቹ ዓምዶች ደግሞ በቀጠሮው ዋዜማ፣ በትክክል ለመናገር ዝርዝሩ በሚወጣበት ቀን፣ ክሊኒኩ ያውቃቸው የነበሩ ነገሮች ብቻ ናቸው። ይህ ሕግ ሲጣስ ሞዴሉ በወረቀት ላይ ድንቅ፣ በሥራ ላይ ከንቱ ይሆናል። «የተደወለለት ብዛት» የሚል ዓምድ ቢያስገቡ ሞዴሉ ወዲያው ይይዘዋል፤ የተደወለለት ከቀረ በኋላ ስለሆነ መልሱን እየሰጡት ነው ማለት ነው። የታካሚው «ወቅታዊ ሁኔታ» ዓምድም እንዲሁ ነው። የቫይረስ መጠን ምርመራ ላይ ደግሞ ናሙናው በተወሰደበት ቀንና ውጤቱ በተመለሰበት ቀን መካከል ሳምንታት ስላሉ የሚያገለግለው የኋለኛው ነው።

ብዙውን የሚናገረው ያለፈ ልማድ ነው፦ ባለፉት ሦስት ቀጠሮዎች በአማካይ ስንት ቀን ዘገየ? መዘግየቱ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? ከዚያ ሕክምና ከጀመረ ስንት ወር ሆነው፣ የዕድሜ ክልሉ፣ ለስንት ወር መድኃኒት ተሰጠው፣ የመጨረሻው የቫይረስ መጠን፣ የቲቢ ሕክምና፣ ነፍሰ ጡር መሆን ወይም በቅርቡ መውለድ፣ ርቀት። ባዶ ቦታም ይናገራል፤ ስልክ ቁጥሩ ያልተመዘገበ ሰው ላለመመዝገቡ ምክንያት አለው፤ ስለዚህ «ስልክ አለ ወይስ የለም» የሚል ዓምድ ይሥሩ።

ለድሬዳዋና ለሐረር የረመዳን ዓምድ እንዲጨምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ረመዳን በየዓመቱ በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ «ወር» የሚል ዓምድ ፈጽሞ አይዘውም፤ ሞዴሉ የዘንድሮውን ረመዳን በአምና ወር ይፈልገዋል። ቀጠሮው በረመዳን ውስጥ ወይም በዒድ ሳምንት መዋሉን የሚያሳይ አዎ ወይም የለም የሚል አንድ ዓምድ ይበቃል። ቁልቢ ገብርኤል ግን ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ስለማይለወጥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሠራ ዓምድ ይይዘዋል። እነዚህ ዓምዶች የሚነግሩን የማንንም ሃይማኖት አይደለም፤ መንገዱ፣ ትራንስፖርቱና የክሊኒኩ ሰዓት ለሁሉም የሚለወጥበትን ቀን ነው።

ደረጃ 7፦ መጀመሪያ ደንብ፣ ከዚያ ሞዴል

በወረቀት የሚሠራ ደንብ ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ባለፉት ሁለት ቀጠሮዎች ከሰባት ቀን በላይ የዘገየ፣ ወይም ሕክምና ከጀመረ ስድስት ወር ያልሞላው»። ኬዝ ማናጀሯ የራሷን ደንብ ብትጽፍ ይበልጥ ይሻላል፤ ብዙውን ጊዜ በልምዷ ታውቃቸዋለች። ማንኛውም ሞዴል መብለጥ ያለበት ይህን ደንብ ነው። ካልበለጠ ደንቡን ይጠቀሙ፤ ሥራው በዚያው ተሳክቷል።

ሞዴሉን ሲጀምሩ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የሚባለው ቀላል የስታቲስቲክስ ዘዴ ይቅደም። ለምን እንዲህ እንዳለ ለነርስ ማስረዳት ይቻላል። ከዚያ ይበልጥ ውስብስብ የሆኑትን ራንደም ፎረስት ወይም ኤክስጂቡስት ይሞክሩ፤ ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ወደ መጀመሪያው ይመለሱ። ሁሉም በነፃ ይገኛሉ።

መረጃውን በዘፈቀደ ለሁለት አይክፈሉት። በጊዜ ይክፈሉት፦ በ2014 እና 2015 ያሠልጥኑ፣ በ2016 ያስተካክሉ፣ በ2017 ይፈትኑ። በሥራ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ካለፈው ተምሮ ገና ያልመጣውን መገመት። የ2017ን መረጃ ከመጨረሻው ፈተና በፊት አይንኩት።

ደረጃ 8፦ በሚደውሉት ልክ ይለኩ

ከ1000 ቀጠሮዎች 60 ቢቀሩ «ሁሉም ይመጣሉ» የሚል ሞዴል 94 በመቶ ትክክል ነው፤ አንድም ሰው ግን አላገኘም። ስለዚህ «ትክክለኛነት» የሚለውን ቁጥር ለኃላፊዎች ሪፖርት አያድርጉ።

መለኪያው ከደረጃ 1 ይመጣል። በሚቀጥለው ሳምንት 200 ቀጠሮ አለ፣ 12 ሰው ይቀራል፣ ደዋዮቹ የሚችሉት 20 ስልክ ነው እንበል። በዘፈቀደ 20 ቢደውሉ ከ12ቱ የሚያገኙት አንድ ገደማ ነው። የወረቀቱ ደንብ አራት፣ ሞዴሉ ስድስት ካገኘ ሞዴሉ ዋጋ አለው። አራትና አራት ከሆኑ የለውም። ይህን ንጽጽር ለየሳምንቱ፣ በ2017 መረጃ ላይ ይሥሩ።

ቀጥሎ ያንኑ ስሌት በየወገኑ ይድገሙት፦ ለሴቶችና ለወንዶች፣ ከ15 እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች፣ ለከተማና ለገጠር፣ ስልክ ላላቸውና ለሌላቸው። አጠቃላዩ ጥሩ ሆኖ የገጠሩን ሰው የሚዘነጋ ሞዴል ያጋጥማል፤ ከገጠር የሚመጣው ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ አማካዩ ላይ አይታይም። እንዲህ ከሆነ ከ20ዎቹ ስልኮች የተወሰኑትን ለእነሱ ለብቻ ይመድቡ። ስልክ ለሌላቸው ደግሞ ታካሚው ራሱ በፈቀደው መንገድ ብቻ መልእክት ይድረስ።

ደረጃ 9፦ ስልኩ

ለሁለት ወር ያህል ዝርዝሩን በየሳምንቱ ያውጡ፣ ነገር ግን ማንም አይደውልበት። በሁለቱ ወር መጨረሻ የተባለው ከሆነው ጋር ይመሳከር። በዚህ ጊዜ የተሰበሩ የቀን ዓምዶች፣ ሳይገባ የቀረ የአንድ ሳምንት መረጃና ሌሎች ችግሮች ሰው ሳይጎዱ ይወጣሉ።

ከዚያ መደወል ይጀምራል፤ ሥራው ሁሉ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቤት አንድ ስልክ የጋራ ነው። ታካሚው ሲመዘገብ ወይም ቀጠሮ ሲይዝ ነርሷ «ስንደውልልዎ ማን ነን እንበል?» ብላ ትጠይቀው፤ መልሱም ይመዝገብ። አንዱ «የዕቁብ ጸሐፊ ነኝ በሉ»፣ ሌላዋ «የልብስ ሰፊዋ ጓደኛ» ልትል ትችላለች፤ «በፍጹም አትደውሉ» ያለ ሰው አይደወልለትም። ሌላ ሰው ካነሣው «ቁጥር ተሳስቼ ነው፣ ይቅርታ» ብሎ መዝጋት ነው። በሽታው፣ መድኃኒቱ፣ ክሊኒኩ በስልክ አይጠሩም፤ የአጭር መልእክትም ሕጉ ይኸው ነው።

ራሱ ከሆነ ያነሣው ንግግሩ እንዲህ አጭር ይሁን፦ «ሰላም፣ እንዴት ሰነበቱ? የማክሰኞው ቀጠሯችን ይመችዎታል? ካልተመቸ ሌላ ቀን ልያዝልዎ።» የሚቀሩ መስሎን ደወልን አይባልም። በኮምፒውተር ተመርጠዋል አይባልም። ያለፈ መዘግየት አይነሣም። ሰው ሲወቀስ ይሸሻል፤ የምንፈልገው ደግሞ እንዲቀርብ ነው። በረመዳን ሰሞን ከሆነ ክኒኑን በየትኛው ሰዓት ሊወስድ እንዳሰበ መጠየቅ ይጠቅማል፤ በቀን አንዴ የሚወሰደውን በኢፍጣር ሰዓት እንዲያደርገው ከነርሷ ጋር ሊነጋገር ይችላል።

ዝርዝሩ አይታተምም፣ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፤ የተፈቀደላቸው ደዋዮች በይለፍ ቃል ብቻ ይዩት። ከስሙ ጎን የሥጋት ቁጥር አይጻፍ፤ 0.71 የሚል ቁጥር የታካሚ መገለጫ ሆኖ እንዳይቀር። ከየስልኩ በኋላ ከአምስት አንዱ ይመዘገባል፦ ተገኘ፣ አላነሣም፣ ቁጥሩ ልክ አይደለም፣ ቀኑ ተቀየረ፣ በሌላ ቦታ እየወሰደ ነው። የመጨረሻው መልስ ወርቅ ነው፤ ደረጃ 5 ላይ ያልተገኙትን ዝውውሮች ያስገኛል።

ስልኩ መጥቀሙን ለማወቅ ለሦስት ወር ያህል ከፍተኛ ሥጋት ካላቸው 40 ሰዎች 20ውን በዕጣ መርጦ መደወል ይቻላል፤ የደዋዮቹ አቅም ከ20 ስለማያልፍ ዕጣው ማንንም አይበድልም። ያልደረሳቸው የተለመደውን ክትትል፣ ማለትም ሲቀሩ መፈለግን፣ ሙሉ በሙሉ ያገኛሉ። ይህን ንድፍ የሥነ ምግባር ኮሚቴው አስቀድሞ ይየው። የሚለካው በ28 ቀን ውስጥ የመጡት ብዛት፣ ቆይቶም የቫይረስ መጠናቸው ነው።

ደረጃ 10፦ ሞዴሉ ሲያረጅ

አሠራር ሲለወጥ ያለፈው መረጃ መዋሸት ይጀምራል። ታካሚዎች ከአንድ ወር ወደ ስድስት ወር መድኃኒት ሲሻገሩ የቀጠሮ ትርጉም ይለወጣል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ኮቪድ ሲመጣም ሆኗል። የአሜሪካ መንግሥት በጃንዋሪ 2025 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የውጭ እርዳታውን ካገደ በኋላ የታየው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፦ በፕሮጀክት የተቀጠሩ የመረጃ ሠራተኞች ሲጎድሉ ታካሚው መጥቶ ሄዶ ጉብኝቱ ኮምፒውተር ውስጥ ሳይገባ ይቀራል፤ ሞዴሉም ሰው ጠፋ ይላል። ስለዚህ በየሳምንቱ ከትንበያው በፊት አንድ ቁጥር ይታይ፦ ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ጉብኝት ተመዘገበ? ከተለመደው ከግማሽ በታች ከሆነ የዚያ ሳምንት ዝርዝር አይውጣ፤ መጀመሪያ መዝገቡ ይሟላ።

በየስድስት ወሩ በአዲስ መረጃ ደረጃ 7 እና 8 ይደገሙ። ሞዴሉ በተከታታይ ሁለት ወር ከወረቀቱ ደንብ ካልበለጠ፣ ወይም አንድ ታካሚ በስልኩ ምክንያት ምስጢሩ እንደወጣ ከተናገረ፣ ሥራው ይቁም። ማቆም የሚችለው ሰው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይወሰን፤ ይህ ሥልጣን የክሊኒኩ አስተባባሪ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያው ባይሆን እመርጣለሁ። ሞዴሉ በቆመባቸው ሳምንታት የደረጃ 7ቱ የወረቀት ደንብና የደረጃ 3ቱ ዝርዝሮች ሥራቸውን ይቀጥላሉ።